የአባትሽን አልበም ወደ ኮምፒውተር ስታስገቢ

አንዲት እህት ከድሬዳዋ የላከችው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «አባቴ ባቡር ኩባንያ ነበር የሚሠራው። ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ወደ 350 የሚሆን ፎቶና አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ትቶልናል፤ የወረቀቱ ግማሽ በፈረንሳይኛ ነው። ካናዳ ያለችው እህቴ ሁሉንም ላኪልኝ እያለች ነው። ቤት ውስጥ ስሪ ኢን ዋን ፕሪንተርና ላፕቶፕ አለኝ። አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት በስልክሽ አንሺው ይበቃል አለኝ። ሌላው ደግሞ በ1200 ዲፒአይ ካልሆነ ዋጋ የለውም አለኝ። ማንን ልስማ? አንዳንዱ ፎቶ አልበሙ ላይ ተጣብቋል፤ የሠርጋቸው ትልቁ ፎቶ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተያይዟል። ስጨርስ አልበሙን ብጥለውስ?»

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። አልበሙን እንዳትጥዪው። ስካን ማድረግ ቅጂ ማውጣት ነው እንጂ ፎቶውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማዛወር አይደለም። ወረቀቱ ካለ ነገ በተሻለ መሣሪያ እንደገና መሥራት ይቻላል። ወረቀቱ ከሌለ ግን ዛሬ ያስገባሽው ነገር የመጨረሻው ነው።

ይህን አጥብቄ የምልሽ በራሴ ስለደረሰብኝ ነው። በ2001 ዓ.ም. የአያቴን ፎቶዎች ስካን አደረግሁ። የዚያን ጊዜ ሃርድ ዲስኬ ትንሽ ነበር፣ ቦታ እንዳይሞላብኝ ብዬ በ150 ዲፒአይ አስገባኋቸው። አልበሙን አንድ ዘመድ ልየው ብሎ ወሰደው፣ ከእሱ ሌላ ዘመድ ጋ ሄደ፣ ከዚያ የት እንደገባ ጠፋ። ዛሬ ከአያቴ ብቸኛ ጉርድ ፎቶ በእጄ የቀረው በወርድ 177፣ በቁመት 236 ነጥብ ያለው ፋይል ነው። ስልክ ላይ ስከፍተው ጥፍር የምታህል ምስል ናት። ላስፋሽ ስላት ፊቷ ካሬ ካሬ ይሆናል። ያን ሦስት በአራት ፎቶ ያኔ በ1200 ብሠራው ኖሮ 1417 በ1890 ነጥብ ይሆን ነበር፤ 12 በ16 ሳንቲ ሜትር አድርጌ አሳትሜ ግድግዳ ላይ እሰቅላት ነበር።

ስለዚህ የምፈልግልሽ አንድ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ፎቶ አንዴ በደንብ ተሠርቶ ከዚያ በኋላ ማንም የማይነካው ፋይል ይኑርሽ። እኛ ሥራ ቦታ «እናት ፋይል» እንለዋለን። ማሳመሩ፣ መቁረጡ፣ ማሳነሱ፣ በቴሌግራም መላኩ፣ ሁሉም ከእናት ፋይሉ በወጣ ቅጂ ላይ ነው የሚሠራው። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ይህን ፋይል ለማግኘትና ለማቆየት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ዲፒአይ ማለት ስካነሩ በአንድ ኢንች ውስጥ፣ ማለትም በ2.54 ሳንቲ ሜትር ውስጥ፣ ስንት ነጥብ እንደሚያነብ ነው። ሁለቱም ባለሱቆች ግማሽ ግማሹን ልክ ናቸው። 9 በ13 ወይም 10 በ15 የሆነውን የተለመደ ፎቶ በ600 ሥሪው። ጉርድ ፎቶና ከዚያ ያነሰውን በ1200። ወረቀት በ300 ይበቃዋል፤ ጽሑፉ በጣም ደቃቅ ወይም የደበዘዘ ከሆነ 400 ወይም 600 አድርጊው። ሁሉንም ለምን በ1200 አልሠራም ካልሽ፣ ተራ የታተመ ፎቶ ወረቀቱ ላይ ያን ያህል ዝርዝር የለውም። የሚጨምረው የፋይሉ ክብደት ብቻ ነው። አንድ 10 በ15 ፎቶ በ600 ሳይጨመቅ 26 ሜጋ ባይት አካባቢ ይሆናል፤ በ1200 ግን አራት እጥፍ፣ ከ100 ሜጋ ባይት በላይ። ያንቺ 350 ፎቶ በ600 ወደ 9 ጊጋ ባይት ቢመጣ ነው። ይህ ዛሬ ምንም አይደለም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ካርቶኑ ላይ 9600 ወይም 19200 የሚል ትልቅ ቁጥር ካየሽ እሱ ሶፍትዌሩ በግምት የሚሞላው ነው። መሣሪያው ራሱ የሚያነበው «ኦፕቲካል» ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር ነው፤ የብዙዎቹ ስሪ ኢን ዋን 600 ወይም 1200 ነው።

ከፍ ያለ ቁጥር ምን እንደሚሰጥሽ ላሳይሽ። አንዲት እናት ከገንደ ቆሬ የወንድማቸውን ፎቶ ይዘውልኝ መጡ። ልጁ ብስክሌት ተደግፎ ቆሟል። ከዚያ በፊት የሆነ ቦታ አሠርተውት ነበር፤ ፋይሉን ስከፍተው ፊቱ ይለያል፣ ሌላው ጭጋግ ነው። ፎቶው ትንሽ ስለነበር እኔ በ1200 ሠራሁትና በስክሪኑ ሙሉ አሰፋሁላቸው። ከደረት ኪሱ ላይ ትንሽ የብረት ባጅ ወጣች። ቁጥሯ ይነበባል። እናትየው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደግመው አነበቡና «የፋብሪካው ነው፣ ጨርቃ ጨርቅ ገብቶ ነበር እኮ!» አሉ። ያቺ ባጅ ሁሌም ፎቶው ላይ ነበረች። ዓይን ብቻውን አያያትም።

ስልክስ? ስልክ ለሁለት ነገር ጥሩ ነው፤ ከመስታወት ጋር ለተያያዘው የሠርግ ፎቶና አልበሙ ላይ አልላቀቅ ላለው። ለቀረው ስሪ ኢን ዋንሽ ይበልጣል። መብራቱ እኩል ነው፣ ወረቀቱ ጠፍጣፋ ይተኛል፣ ጠርዙ አይጣመምም። ከላይ ወረቀት የሚስበው መጋቢ ካለው ግን ፎቶ በእሱ በፍጹም እንዳታስገቢ፤ ያጥፈዋል፣ ይፍቀዋል። ሁልጊዜ ከመስታወቱ ላይ።

ሥራውን በጠዋት ጀምሪ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ እጅ ያልባል፣ ላብ ያለበት ጣት ደግሞ ፎቶ ላይ የማይለቅ አሻራ ይተዋል። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ በደንብ አድርቂ፣ ቅባት አትቀቢ። ፎቶውን በጠርዙ ያዢው። ቬንትሌተሩን አጥፊው ወይም ፊቱን አዙሪው፤ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚነሳውን ደቃቅ አቧራ ቀጥ አድርጎ ስካነሩ መስታወት ላይ ነው የሚያመጣልሽ። በ600 አንዲት የአቧራ ቅንጣት ፎቶው ላይ ነጭ ጠጠር ትመስላለች። መስታወቱን የመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ለስላሳ ጨርቅ በጣም ጥቂት አርጥበሽ ጥረጊው። ፈሳሹን መስታወቱ ላይ እንዳትረጪው፣ በጠርዙ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ፎቶውን ራሱን ደግሞ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ አዲስ የሜካፕ ብሩሽም ይሆናል፣ ቀስ ብለሽ ጠረግ ጠረግ አድርጊው።

ፎቶ ላይ ውሃም አልኮልም እንዳታስነኪ። ምስሉ ያለው ከወረቀቱ በላይ ባለው ስስ የጀላቲን ሽፋን ውስጥ ነው። ጀላቲን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ የተጠጋውን ነገር ይይዛል። የሠርጉ ፎቶ ከመስታወቱ ጋር የተያያዘው በዚሁ ነው፤ አንድ ክረምት እርጥበት ገብቶበት ይሆናል።

አንዳንዱ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነጥቶ ወይም ቢጫ ሆኖ ብታገኚው አትደንግጪ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያኔ ፎቶ ቤቱ ኬሚካሉን በደንብ ስላላጠበው ነው። የቆየ ችግር ነው። ሐረር የኖረው ፈረንሳዊው ራምቦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ፎቶዎቹ የነጡት ያጠባቸው ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎ ጽፎላቸው ነበር። የቀለም ፎቶዎቹ ደግሞ ወደ ቀይ ያደሉ ይሆናሉ፤ በዚያ ዘመን በነበረው ወረቀት ሰማያዊ ቢጤው ቀለም ቀድሞ ስለሚሞት ነው። ይህ ሁሉ በኋላ በቅጂው ላይ ይስተካከላል። ስካን ስታደርጊ ለማስተካከል አትሞክሪ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ «አውቶ» የሚል ነገር ሁሉ ይጥፋ። አውቶ ማብራት፣ አውቶ ማጥራት፣ አቧራ ማስወገድ፣ ቀለም መመለስ፣ ሁሉም። የእኛ ፎቶ ለእነዚህ ነገሮች አይመችም። እናትሽ ነጠላ ለብሰው ቆመዋል እንበል። አውቶው ፎቶው እንዲደምቅ ብሎ ነጩን ይገፋዋል፣ የነጠላው እጥፋትና ጥለት ጠፍቶ አንድ ነጭ ሰሌዳ ይሆናል። ጥቁሩን ደግሞ ያጠቁረዋል፣ የፊታቸው መልክ ከጥላው ጋር ይቀላቀላል። አንዴ በዚያ መልክ ከተቀመጠ የጠፋው ጥለት ከፋይሉ ውስጥ የለም፤ ምንም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ፈዘዝ ብሎ የወጣ ስካን ግን ሁሉንም ነገር ይዟል፣ በኋላ ታደምቂዋለሽ። ለዓይን ባያምርሽም ፈዛዛውን ምረጪ።

ጥቁርና ነጩንም ፎቶ በቀለም ስካን አድርጊው። ቡናማነቱ፣ ከጀርባው የተጻፈበት ሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ እነዚህ ሁሉ የፎቶው አካል ናቸው።

ላፕቶፕሽ ዊንዶውስ ከሆነ «ዊንዶውስ ስካን» የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ይበቃሻል። ተጨማሪ አሳይ የሚለውን ስትነኪ የነጥቡን ቁጥርና ቀለሙን መምረጫ ይወጣል። የፋይል ዓይነት ሲጠይቅሽ ቲፍ ወይም ፒኤንጂ በይው፤ ሁለቱ ምንም ሳይጥሉ ነው የሚያስቀምጡት። ጄፔግ ቦታ ለመቆጠብ ከምስሉ ይቀንሳል፣ ከፍተሽ አስተካክለሽ እንደገና ባስቀመጥሽው ቁጥር ደግሞ ሌላ ይቀንሳል። መሣሪያሽ ከጄፔግ ሌላ አላውቅም ካለሽ ጥራቱን እስከ መጨረሻው አድርጊውና አትጨነቂ፣ ብቻ ያንን ፋይል ዳግም ከፍተሽ አታስቀምጪው። ለወረቀቶቹ ናፕስ 2 የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ብዙ ገጽ በአንድ ፒዲኤፍ ይሰበስብልሻል፣ እኔ በየቀኑ የምሠራበት ነው።

ጊዜ ለመቆጠብ ብዙ ፎቶ በአንድ ላይ መደርደር ይቻላል። በኤ4 መስታወት ላይ 9 በ13 ከሆኑ አራት ይገባሉ። 10 በ15 ከሆኑ ሦስት ብቻ፤ አራተኛውን ካላስገባሁ ብለሽ ጠርዙን አትቁረጪ። በመካከላቸው ጣት የሚያህል ክፍተት ተዪ፣ የፎቶው ነጭ ጠርዝም ሙሉ ይታይ።

መብራት ሲጠፋ የተጀመረው ይቀራልና እያንዳንዷን እያስቀመጥሽ ሂጂ። ወደፊት ስካነር ብቻውን ልግዛ ካልሽ እንደ ካኖን ላይድ 300 ያሉት በዩኤስቢ ገመዱ ብቻ ከላፕቶፑ ባትሪ ይሠራሉ፤ ለእኛ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ጀርባው። እባክሽ እያንዳንዱን ፎቶ ገልብጪው። «ለማስታወሻ ያህል» ተብሎ የተጻፈ፣ ቀን፣ ስም፣ የፎቶ ቤት ማኅተም፣ የሆነ ነገር ካለበት ጀርባውንም ወዲያው ስካን አድርጊው፤ በኋላ እመለስበታለሁ ብለሽ ስትመለሺ የየትኛው ፎቶ ጀርባ እንደሆነ አታውቂውም። ለጀርባ 300 በቂ ነው። ምንም ያልተጻፈበትን እለፊው። አንቺ ራስሽ ግን ጀርባው ላይ በእስክሪፕቶ አትጻፊ፣ ጫናው ከፊት በኩል ይወጣል፣ ቀለሙም ከላይ የተደረበውን ፎቶ ያበላሻል።

የተጣበቁት። አልበሙ ያ በላስቲክ የሚሸፈነው፣ ገጹ ሙጫ የተቀባው ዓይነት መሆን አለበት። መጀመሪያ ላስቲኩን ገልጠሽ ገጹን እንዳለ ስካን አድርጊ። ይህ ዋስትናሽ ነው። ከዚያ የጥርስ ማጽጃ ክር ውሰጂ፤ ከፎቶው አንድ ጥግ ከኋላ አስገብተሽ በሁለት እጅሽ እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ እያልሽ ቀስ በቀስ ውረጂ። ክሩ ሙጫውን ይቆርጠዋል። ከተያዘብሽ ተዪው፣ በሌላው ጥግ ሞክሪ። ፎቶው መታጠፍ ከጀመረ አቁሚ፤ ገጹን ያስገባሽው ይበቃል። በፀጉር ማድረቂያ አሙቂው የሚልሽ ካለ አትስሚ። ሙቀት ሙጫውን እንደሚያላላው ሁሉ ጀላቲኑንም ያላላዋል።

የሠርጉን ፎቶ ከመስታወቱ እንዳትላቅቂው። በምላጭም፣ በውሃም፣ በእንፋሎትም አይሆንም። ፊታቸው መስታወቱ ላይ ቀርቶ ነጭ ወረቀት ይዘው ሲያለቅሱ ያየኋቸው ሰዎች አሉ። ፍሬሙን ከኋላ ፍቺው፣ ፎቶውን ከነመስታወቱ አውጪው፣ መስታወቱን ከውጭ ብቻ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ስካነሩ ላይ ማስተኛት ይቻላል፣ ግን የአሁኖቹ ቀጫጭን ስካነሮች ከመስታወታቸው ጋር የተገናኘውን ብቻ ነው አጥርተው የሚያዩት፤ የፍሬሙ መስታወት ውፍረት እንኳ ሊያደበዝዝባቸው ይችላል። እዚህ ላይ ነው ስልክሽ የሚያስፈልገው። ጠዋት በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ቀጥታ በማይነካው ቦታ፣ ፎቶውን ግድግዳ አስደግፊው። አንቺ ከፊቱ ስትቆሚ ስልኩና ልብስሽ መስታወቱ ላይ እንዳይታዩ ጥቁር ጨርቅ፣ ጥቁር ሻርፕም ይሆናል፣ መሐሉን ለካሜራው ብቻ ቀዳዳ ትተሽ ከስልኩ ጋር ያዢ። ፍላሹ ይጥፋ። ተጠግተሽ ከማንሳት ይልቅ ራቅ ብለሽ በሁለት እጥፍ ማቅረቢያው አንሺው፣ ጠርዙ ቀጥ ይላል። አሥር ጊዜ አንሺና ምርጡን አስቀሪ።

ካርቶኑ ውስጥ ኔጋቲቭ ካገኘሽ፣ ያ ቡናማ ወይም ጥቁር ፊልም፣ ለብቻው በወረቀት ፖስታ አድርጊው። ከሁሉም ውድ ነው፤ የታተመው ፎቶ ራሱ ከእሱ የተወለደ ነው። ስሪ ኢን ዋንሽ አያነበውም፣ ብርሃን ከላይ በፊልሙ ውስጥ ማለፍ አለበት። ክዳኑ ውስጥ መብራት ያለው እንደ ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 ያለ ስካነር ያስፈልጋል። እስኪገኝ ይቆይ።

ወደ ወረቀቶቹ እንሂድ። አባትሽ የባቡር ሰው ስለነበሩ የደሞዝ ወረቀት፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ ምስክር ወረቀት እንደሚኖር እገምታለሁ፤ ኩባንያው በፈረንሳይኛ ይሠራ ስለነበር ግማሹ ፈረንሳይኛ መሆኑ አይገርምም። በ300፣ በቀለም። «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን ምርጫ ለወረቀት አትጠቀሚ፤ ሐምራዊው ማኅተም፣ በእርሳስ የተጻፈው ማስታወሻ፣ የደበዘዘው ፊርማ ከነጭራሹ ይጠፋል። በካርቦን የተገለበጡትና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱት ወረቀቶች የኋላቸው ጽሑፍ ወደፊት ይታያል፤ ከጀርባቸው ጥቁር ወረቀት አድርጊበት፣ ይቀንሳል። የታጠፈውን በግድ አትዘርጊው፣ በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሐል አድርገሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበትና ሁለት ቀን ይተኛ። የዛገ ስቴፕለር ካለ ከኋላ እግሮቹን ቀና ቀና አድርገሽ አውጪው፣ አትጎትቺው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እንዳይበላሽ ብለሽ ዋናውን ላሚኔት አታስደርጊ። በሙቀትና በሙጫ ነው የሚታሸገው፣ ተመልሶ አይወጣም። ስንት የልደት ወረቀትና ስንት የቆየ የቀበሌ መታወቂያ ውስጡ ቢጫ ሆኖ ሲበላሽ አይቻለሁ።

ካርታ፣ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር የመሰለውን ቤትሽ ሥሪው እንጂ ሱቅ አትውሰጂው። የግድ ከሆነ የራስሽን ፍላሽ ይዘሽ አጠገቡ ተቀመጪ፣ ሲጨርስ ከኮምፒውተሩ ሲያጠፋው እዪ፣ ቤት ስትገቢ ፍላሹን ለቫይረስ አስፈትሺ። መሥሪያ ቤት ዋናውን አምጪ ሲልሽም ስካኑ ምትክ አይሆንምና ዋናው እጅሽ ላይ ይቆይ።

አልጠየቅሽኝም እንጂ ጽሑፉን ወደ ሚታረም ፊደል መቀየርም ይቻላል። ምስሉን ጉግል ድራይቭ ላይ ጭነሽ በጉግል ዶክስ ክፈት ስትዪው አማርኛንም ፈረንሳይኛንም ያነባል፤ ናፕስ 2ም የአማርኛ ማንበቢያ ማውረጃ አለው። የፈረንሳይኛው ታይፕ በደንብ ይወጣል። አማርኛው በማተሚያ ቤት የታተመ ከሆነ ደህና ነው፣ ግን «ተ»ን «ቸ»፣ «ነ»ን «ኘ» እያለ ያሳስታልና እያነበብሽ አርሚው። የድሮ የአማርኛ ታይፕ ላይ ግን ይቸገራል፣ ፊደሉ በቁርጥራጭ ተቀጣጥሎ የሚመታ ስለነበር። የእጅ ጽሑፍ ከሆነ ራስሽ መተየብ ነው።

ስም አወጣጥ። ዓመተ ምሕረቱን አስቀድሚ፣ ከዚያ ቦታ ወይም ነገር፣ ከዚያ ተራ ቁጥር፦ «1960ዓም_ከዚራ_014»፣ ጀርባው ደግሞ «1960ዓም_ከዚራ_014_ጀርባ»። ዓመቱ ከፊት ስለሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ በዘመን ይደረድርልሻል። የማን አቆጣጠር እንደሆነ ግን ሁሌም ጻፊው። በአባትሽ ካርቶን ውስጥ ሁለቱም ይኖራሉ፤ የፈረንሳይኛው ወረቀት ጃንዋሪ 12 ቀን 1968 ካለ እሱ የእኛ ጥር 3 ቀን 1960 ነው። ሁለቱን ባንድ ፎልደር ያለ ምልክት ከደባለቅሻቸው አባትሽ ከተቀጠሩ ከስምንት ዓመት በኋላ ይቀጠራሉ። የሐረር ዘመዶች ያላቸው ሰዎች ጋ ደግሞ የኒካህ ወረቀት በሂጅራ ተጽፎ አገኛለሁ፤ እሱንም እንዳለ ጻፊው፣ ገምተሽ አትቀይሪው። ዓመቱ ካልታወቀ «1960ዎቹ» በይ።

ስም የማታውቂያቸው ሰዎች ይበዛሉ። እናትሽን አጠገብሽ አስቀምጫቸው፣ ፎቶውን ላፕቶፑ ላይ በሙሉ ስክሪን ክፈቺላቸው። በትንሹ ወረቀት ላይ «አላውቀውም» ያሉትን ሰው ሲሰፋ ያውቁታል። ስልክሽን ድምፅ እየቀረጸ ጠረጴዛው ላይ ተዪው፣ አንቺ የፎቶውን ቁጥር ጮክ ብለሽ ጥሪ፣ እሳቸው ያውሩ። በኋላ ታዳምጪና በደብተር ወይም በኤክሴል ከቁጥሩ ጎን ትጽፊያለሽ። በአንድ ቀን ከሠላሳ ፎቶ በላይ አታሳያቸው፣ ይደክማቸዋል፤ ስም መቀላቀል ሲጀምሩ ቡና ይፈላ።

ማስቀመጫው። ሦስት ቦታ ይሁን፤ ላፕቶፕሽ ላይ፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ከድሬ ውጭ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ የሰው ሕይወት ነው የወሰደው፣ ያንን የሚተካ የለም። የተረፉት ደግሞ በማግስቱ ጭቃ ውስጥ ሲፈልጉ ከነበረው ነገር አንዱ ፎቶ ነበር። አልበምና ቅጂው አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ካሉ አብረው ይሄዳሉ። ሃርድ ዲስኩ ሐረር ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጋ ይቀመጥ፣ በዓመት አንዴ እየሰካሽ ፋይሎቹ መከፈታቸውን እዪ። ኢንተርኔት ላይ ጉግል የሚሰጥሽ ነፃው ቦታ 15 ጊጋ ባይት ነው፣ ኢሜይልሽ ካልሞላው ፎቶዎችሽ ይገባሉ። ፍላሽ ለማመላለሻ ነው፣ ለማቆያ አይታመንም። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው «2 ቴራ» የሚል ፍላሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ውሸት ነው፤ የተቀበለ መስሎ ይበላዋል።

ለእህትሽ በቴሌግራም ስትልኪ «ፎቶ» ብለሽ ሳይሆን «ፋይል» ብለሽ ላኪ። በፎቶ ከላክሽው ያሳንሰዋል፣ ያ ሁሉ 600 ዲፒአይ ድካምሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በፋይል እስከ 2 ጊጋ ባይት እንዳለ ይደርሳል። ሌሊት፣ ኔትወርኩ ሲቀል፣ ጫኚው። እሷም ኮምፒውተሯ ላይ ካወረደችው ሦስተኛው ቦታሽ ተገኘ ማለት ነው፣ አቦ ይመቻችሁ።

ወረቀትና ፎቶው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሁን፣ ከኩሽናና ከውጭ ግድግዳ ይራቅ፣ ከመሬት ከፍ ይበል። ከዚያ ሙጫ አልበም የወጡትን በተራ የወረቀት ፖስታ አድርጊያቸው፤ የሚሸት ላስቲክ ውስጥ አይግቡ።

መጀመሪያ የሠርጉን ፎቶ እንዳትነኪ። ቅዳሜ ጠዋት ከማትጨነቂላቸው አሥር ፎቶ ጀምሪ፣ የአንዱን ፊትና ጀርባ በፋይል ላኪልኝ፣ የነጠላው ጥለት መታየቱን አይቼ ቁጥሩን ቀንሺ ወይም ጨምሪ እልሻለሁ።